ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ሸራ

የእኔን የእንጨት ሥራ ቤትና የእትዬ ጨርሱን የሥዕል ስቱዲዮ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እኔ እንጨት ስልግ እሳቸው ያስነጥሳሉ፤ እሳቸው የሚያስተምሯቸውን ልጆች ሲቆጡ እኔ መዶሻዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተጎራብተናል። ሰው ሲጠይቀኝ «ጎረቤቴ ናቸው» እላለሁ። ከሥጋ ዘመዶቼ መካከል ግን የእሳቸውን ያህል የተቆጣኝ የለም፤ የእሳቸውን ያህል ያዘነልኝም የለም።

ጨርሱ ስማቸው አይደለም። ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። አንዱ የጀመረውን ሥዕል ሰለቸኝ ብሎ ሌላ ሊጀምር ሲል «መጀመሪያ ያንን ጨርስ» ይሉታል። ሁለት ሆነው ሲለማመጧቸው «ጨርሱ» ነው መልሱ። በር ላይ ቆመው የሚያወሩትን ሳይቀር «ወሬያችሁን ጨርሱና ግቡ» ይላሉ። ልጆቹ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ እትዬ ጨርሱ ናቸው። አንድ ቀን እኔም ሳላስበው ፊታቸው ላይ በዚሁ ስም ጠራኋቸውና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። እሳቸው ግን መላጣዬን ቀና ብለው እያዩ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስሙን እያወቁ እንዳላወቁ ሆኑ።

ከወጣትነታቸው ጀምሮ ታፔላ ጻፊ ነበሩ። የፀጉር ቤት፣ የጎማ ጥገና፣ የዳቦ ቤት ታፔላ፣ ይኸ ሁሉ መሰላል ላይ ቆመው በእጃቸው የጻፉት ነው። ሴት መሰላል ላይ ስትወጣ ለማየት ሰው ይሰበሰብ እንደነበር ሲነግሩኝ አሁንም ይናደዳሉ። ከዚያ ባነር የሚያትም ማሽን መጣና እሳቸው ሦስት ቀን የሚፈጅባቸውን ሥራ በአንድ ሰዓት ይተፋው ጀመር። ሥራው ሲቀዘቅዝ ድሮ የጎማ መጋዘን የነበረችውን ክፍል ጠራርገው፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ከትምህርት መልስ ለሰፈሩ ጎረምሶችና ኮረዶች ከፈቷት። ክፍሏ ዛሬም ፀሐይ ሲበረታ ጎማ ጎማ ትሸታለች። ብሩሾቹ የሚቆሙት በወተት ጣሳ ነው። ሸራው የአሮጌ ድንኳን ቁራጭ ነው፤ ፍሬሙን ደግሞ ከትርፍራፊ እንጨት እኔ እሠራለሁ፣ እወጥራለሁ፣ ጀርባው ላይም በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ባል አግብተው ነበር ይባላል፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብለው የተዉትን ነገር መቆስቆስ ደግ አይደለም።

የዚያች ክፍል ትልቁ ደንብ አንድ ነው። ያላለቀ ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ከሠሪውና ከቲቸር በስተቀር ማንም አያየውም፣ እናት አባት ቢመጣ እንኳ። ያለቀው ብቻ ፊቱን ወደ ክፍሉ ያዞራል። ይኸን ደንብ ያወጡት በራሳቸው ከደረሰው ተነሥተው ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ሳለ የአባታቸውን መልክ በከሰል ጀምረው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ጓደኞቹን ሰብስቦ አመጣና፣ አፍንጫው ገና ያልተሠራ አባታቸውን እያዩ ከት ብለው ሳቁ። እሳቸውም ሥዕሉን ቀደው ጣሉት። አባታቸው በዚያው ዓመት ሞቱ። «ካላለቀ ነገር ላይ ዓይን ይነሣ» ይሉኛል ሁልጊዜ።

ሌላው ልማዳችን ማንጣት ነው። ሸራ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ያለቁና ባለቤቶቻቸው ኑና ውሰዱ ተብለው ያልወሰዷቸውን ሥዕሎች ነጭ ቀለም እንቀባቸዋለን፤ ሲደርቁ ለአዲስ ገቢዎች ይሰጣሉ። የእትዬ ጨርሱ አንጓ በመሰላሉ ዘመን ስለተጎዳ ትልቁን ብሩሽ የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራው እንደ እኔ ላለውም አይከብድም። ጀርባውን የሰጠኝን አልነካም፤ ፊቱን የሰጠኝን አነጣለሁ። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

ድንቢጥ የመጣችው በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከሲታ፣ ትንሽዬ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ስለነበረች ጓደኞቿ ድንቢጥ አሏት። ልቧ ደካማ ነው። ከመንገዱ እስከ ስቱዲዮው ያለችውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ስለማትችል የእኔ በር ላይ ትቆማለች። ደከመኝ ላለማለት እንጨት የምታይ ትመስላለች።

«እንጨት ልትገዢ ነው?» እላታለሁ።

«ዋጋው እስኪቀንስ እየጠበቅኩ ነው ጋሼ» ትለኛለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸንኑ ጠየቅኳት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸንኑ መለሰችልኝ። አንዱን ጣውላ ዝም ብዬ ብሰጣት ኖሮ የትኛውን ትመርጥ ነበር እያልኩ አስባለሁ፣ አሁን።

ሌሎቹ በዓመት ስድስት ሰባት ሥዕል ሲያወጡ እሷ አንድ ሸራ ይዛ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠች። ቁጥሯ አርባ ሰባት ነበር። እትዬ ጨርሱ ያለ ልማዳቸው ጨርሺ አላሏትም። አንድ ቀን ምነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ የእናቷን መልክ እየሠራች እንደሆነ፣ ፊቱ ብቻ እንደቀራት ነገሩኝና ከዚህ በላይ እንዳልጠይቅ በዓይናቸው አስጠነቀቁኝ። እናቲቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ባል የላትም፤ ያለቻት ይህችው አንዲት ልጅ ናት።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ድንቢጥ ሆስፒታል ገባች። እትዬ ጨርሱ ሁለት ሦስት ቀን እያሳለፉ ይሄዱ ነበር። አንድ ሐሙስ ከዚያ ሲመለሱ ብቻቸውን ስቱዲዮው ውስጥ ተቀመጡ። በቆርቆሮው በኩል ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ቁጣም፣ ሳልም። ምን እንዳደረጉ የነገሩኝ በኋላ ነው። ልጅቷ ናፍቃቸው፣ የእጇን ሥራ ማየት አምሯቸው፣ ቁጥር አርባ ሰባትን ከግድግዳው አዙረው ፊት ለፊታቸው አቆሟት። ብዙ አዩዋት። ሊሄዱ ሲነሡ መልሰው ወደ ግድግዳ ማዞር ቀፈፋቸው። ቀብር ቀብር አላቸው። ለአንድ ሌሊት ብቻ ብለው እንዳለች ትተዋት ወጡ።

በማግስቱ ዓርብ የማንጣት ቀን ነበር። እሳቸው ጠዋት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። እኔ በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። ባልዲውን አማሰልኩ፣ ፊታቸውን የሰጡኝን በረድፍ ደረደርኩና መቀባት ጀመርኩ። ዐሥራ ስምንት ነበሩ። ዐሥራ አንደኛዋ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። አንዲት ሴት ሸሚዝ የተከመረበት ሰማያዊ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ካውያ ይዛለች። ግራ ትከሻዋ ላይ ስፌቱ የተተረተረውን ግራጫ ቀሚስ አንዲት መርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ ቁልፏ የብርሃን ነጠብጣቧ ሳይቀር ተሠርታለች። ፊት ግን የላትም። ከአንገት በላይ ባዶ ሸራ ነው። የድንቢጥ ሥራ መሆኑ ገባኝ። ያላለቀ ሥዕል ፊቱን ወደ እኔ ምን አዞረው? ይኸን አስቤያለሁ። አላሰብኩም ብል ውሸታም ነኝ። ግን ደንብ ደንብ ነው፣ እሳቸው ካላዞሩት ማን ያዞረዋል፣ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው አልኩ። የደንቡ ባለቤት ደንባቸውን ያፈርሳሉ ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር? ብሩሹን ነከርኩ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ገና ከበሩ ግድግዳውን በዓይናቸው ለቀሙት።

«አርባ ሰባት የታለች?»

ውጭ ፀሐይ ላይ ከተሰጡት ነጫጭ ሸራዎች መካከል ጀርባዋን ገልብጬ አሳየኋቸው። የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። እሳት ይተፉብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ፤ ያን ቀን ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ያዞርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «አንተማ የነገርኩህን ነው ያደረግከው።»

እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ ከጥጓ ጀምሬ ማሸት ያዝኩ። ነጩ ለቀቀ፤ አብሮት የጠረጴዛው ሰማያዊ ለቀቀ። የልጆቹም ቀለም የእኔም ቀለም ውሃ ነው የሚያሟሟው። ወደ ትከሻዋ ስሄድ መርፌ ቁልፏ ብቅ አለችና ወዲያው ጨርቁ ላይ ቀረች። እትዬ ጨርሱ እጄን ያዙኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያበላሸሁትን ጥግና ትከሻ መልሼ በነጭ ሸፈንኩት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሆስፒታል ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ድንቢጥ ትራሱ ላይ ከፊቷ ዓይኗ ይበዛ ነበር። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ልጅቷ ገና እንዳየችን የጠየቀችው ስለ ሸራዋ ነው።

«ቲቸር፣ ሸራዬ አለች?»

«አለች» አሉ እትዬ ጨርሱ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እየጠበቀችሽ ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እንዳያዩብኝ እሺ?»

«እኔ ያላለቀ አላይም» አልኳት።

ሁለታችንም በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመን ዋሸን። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ እትዬ ጨርሱ ክንዴን ይዘው ነበር፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ድንቢጥ ሞተች።

ከቀብር መልስ እናቲቱ፣ ልጇ «ቲቸር ጋ የአንቺ ነገር አለ፤ ሲያልቅ ታያለሽ» እንዳለቻት ለእትዬ ጨርሱ ነግራቸው ነበር። ስበረታ እመጣለሁ ብላ ሄደች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኛ ሁለታችን ሌላ ነገር ያስጨንቀን ጀመር። ይህች ሴት ስትመጣ ምን እንላታለን?

እትዬ ጨርሱ አንድ ጠዋት አዲስ ሸራ ወጥርልኝ አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ገብቶኛል። ከትዝታቸው ሊሠሩት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ከጉድ መውጫ መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን በራቸውን ዘግተው ሠሩ። ሲጠሩኝ ገብቼ አየሁ፤ ጠረጴዛው አለ፣ ካውያው አለ፣ የሸሚዙ ክምር አለ፣ ፊትም አለው። ያማረ ነበር። አርባ ዓመት ታፔላ የጻፈ እጅ መስመር አይስትም። እሳቸው ግን እየተመለከቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔ እጅ ነው» አሉ። «እናት በዚህ አትታለልም። ለልጅቷ ዋሽቻለሁ፤ ለእናቷ አልደግመውም።» ትልቁን ብሩሽ አምጣ አሉኝና፣ በዚያ በሚያማቸው አንጓ ራሳቸው አነጡት።

እናቲቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። የትምህርት ሰዓት ስለነበር ልጆቹ አልነበሩም። የላውንደሪውን ጋዋን በክንዷ ይዛ፣ ሥዕሉ ላይ ያየሁትን ያንኑ ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች። ድንቢጥ ትቀመጥባት በነበረችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ የልጇ መቀመጫ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ለልጄ ስላደረጋችሁላት እግዜር ይስጣችሁ አለች። ከዚያ «ልወስደው ነው የመጣሁት» አለችን።

እትዬ ጨርሱ ነገሩን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ነገሯት። ያዞርኩት እኔ ነኝ አሉ። የቀባሁት እኔ ነኝ አልኩ። ያላለቀ መሆኑን አይቼ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ አልኩ። ጥፋቱን እየተሻማን ስናወራ ሴትዮዋ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ያኔ የጨነቀኝን ያህል ጨንቆኝ አያውቅም።

«ሁለታችሁም አይታችሁታል?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ንገሩኝ።»

እትዬ ጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነገሯት። ስለ ጠረጴዛው ሰማያዊ፣ ስለ ሸሚዞቹ፣ ከካውያው ሥር ስለሚወጣው እንፋሎት፣ ስለ ጣቶቿ። ልጅቷ አንዷን ጣት ሦስት ቅዳሜ እንደሠራቻት ነገሯት። ሴትዮዋ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየች አዳመጠች።

«ፊቴስ?»

እትዬ ጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እኔም ይኸን የሰማሁት ያኔ ነው።

«ፊቱን ትታው ነበር። ለምን አትጨርሺውም ስላት፣ እማዬ ስትስቅ አይቻት አላውቅም አለችኝ። ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው፣ እኔን ስታይ ደግሞ ትሰጋለች። አንድ ቀን ስትስቅ ካየኋት በዚያው ቀን እጨርሰዋለሁ አለችኝ።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «እውነቷን ነው» አለች። «ደረቷን ነበር የማየው። እየተነፈሰች ነው ወይ እያልኩ።»

ይኸን ከሰማሁ በኋላ መናገር አልነበረብኝም፤ አፌ ግን መቼም የኔ ሆኖ አያውቅም። መርፌ ቁልፏም ነበረች አልኳት። ግራ ትከሻው ላይ፣ የምታበራ፣ ከሁሉ አብልጣ የተጨነቀችው ለእሷ ይመስለኛል አልኩ። የሴትዮዋ እጅ ወደ ትከሻዋ ሄደ። መርፌ ቁልፏ እዚያው ነበረች፤ ጎንበስ ብላ ስትገባ አላየኋትም እንጂ።

«ጠዋት ጠዋት የምታስርልኝ እሷ ናት» አለች። «ደግሞ ሁልጊዜ ትወጋኛለች። አንድ ቀን እንኳ ሳትወጋኝ አስራልኝ አታውቅም። ልስፋውና ልገላገል ስላት፣ ተይው እማ፣ ከሰፋሽው ምን ብዬ እወጋሻለሁ አለችኝ።»

ይኸን ብላ ሳቀች። ድንገት ነው ያመለጣት። ዓይኖቿ ተጨፈኑ፣ የግራ ጉንጯ ጎደጎደ፣ ፊቷ የዐሥር ዓመት ዕድሜ ጣለ። ልጅቷ ዓመት ሙሉ ብሩሽ ይዛ የጠበቀችውን ሳቅ፣ እኛ ሁለት ጥፋተኞች ቁጭ ብለን አየነው። የእትዬ ጨርሱ እጅ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ከሰል ሲሄድ አየሁ። ከዚያ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሳቁ እዚያው መሀል ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እትዬ ጨርሱ አጠገቧ ተንበርክከው ያዟት፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ስትሄድ ቁጥር አርባ ሰባትን ጠየቀች። ነጭ ናት እኮ፣ ምንም የለባትም አልኳት።

«ከሥር ግን አለች አይደል?»

«አለች» አልኩ። ይኸኛው ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ማንጣት ቀርቷል። ልጆቹ ያልወሰዱት ሥዕል ጣሪያ ድረስ ተከምሯል። የእንጨት ትርፍራፊ ስላልበቃኝ የራሴን ሱቅ መደርደሪያ ሳይቀር ነቅዬ ፍሬም አድርጌዋለሁ። እትዬ ጨርሱም ልጆቹን ጨርሱ ሲሉ በቆርቆሮው በኩል ሰምቼ አላውቅም። ስሙ ግን አልለቀቃቸውም፤ አዲስ የሚገቡት ልጆች ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም።

ሸራዋን እናቲቱ ቤት የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ እኛ ጋ በመጣችበት ሳምንት እሑድ። እትዬ ጨርሱም አብረውኝ መጡ። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንዱ እንደተነጠፈ። በርጩማ ላይ ቆሜ ከተነጠፈው አልጋ በላይ ምስማር መታሁና ሸራዋን አንሥቼ፣ ነጭ ፊቷን ወደ ክፍሉ አድርጌ አንጠለጠልኳት። ወረድ ብዬ ተስተካክላ እንደሆነ ሳይ እናቲቱ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«አዙራት» አለችኝ። «አላለቀችም።»

እትዬ ጨርሱን አየኋቸው። አቀርቅረዋል። አልጋውን ላለመንካት እየተጠነቀቅኩ መልሼ ወጣሁና ሸራዋን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። አሁን እዚያ ቤት የሚገባ ሰው የሚያየው የእኔን ትርፍራፊ እንጨትና በእርሳስ የጻፍኩትን ቁጥር ነው።